ፕላስቲክ አያረጅም

ጋሽ ቁልፉ፦ ፕላስቲክ አያረጅም አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልንገርሽ?

እታለም፦ ሰምቻለሁ ጋሼ። እሱ ግን አልሰማም መሰለኝ፤ አርጅቷል።

(ባልዲዋን ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች። ከባልዲው ሥር አንድ ጠብታ ውሃ ጠብ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጠብ ይላል።)

ቦታው የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ምድር ቤት፣ ከደረጃው አጠገብ። አንዲት መስኮት ብቻ አለችው፤ ፀሐይ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከሷ አትለይም። ጋሽ ቁልፉ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። እናት አባት ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ቁልፉ ከወገባቸው አልለይ ስላለ ስሙ ወደ ሰውየው ተዛወረ። እታለም ጽዳት ናት። ነገር ቶሎ አይገባትም ይሏታል፤ እሷም ምናልባት ስላልገባት ይሆናል፣ አትከራከርም።

ከጋሽ ቁልፉ ጀርባ አዳዲስ ባልዲዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ እየተቀመጠ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ጋሽ ቁልፉ ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ ከመደርደሪያቸው ላይ አንድ ዕቃ ሲወጣ የገዛ ጥርሳቸው የተነቀለ ይመስላቸዋል።

ጋሽ ቁልፉ፦ ስሚ። ይሄን ባልዲ ዛሬ መሬት ውስጥ ብትቀብሪው፣ አንቺ አልፈሽ፣ ልጆችሽ አልፈው፣ የልጅ ልጆችሽ ሲቆፍሩ እንዳለ ያገኙታል።

እታለም፦ ልቀብረው አይደለም ጋሼ። ደረጃ ልወለውልበት ነው።

ጋሽ ቁልፉ፦ ምሳሌ ነው!

እታለም፦ እ... (ታስባለች) ምሳሌውም ያፈሳል?

ጋሽ ቁልፉ፦ ትንሽ ቢንጠባጠብ ምን አለበት? ውሃ ነው፤ ይደርቃል።

እታለም፦ ሥራ አስኪያጇ ዕረፍት የወጡ ዕለት ደረጃው ላይ ተንሸራተው በመቀመጫቸው ዱብ አሉ። ሲነሱ ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? «ስመለስ ደረጃው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ባይ ጨርቅሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።» ዛሬ ከምሳ በኋላ ይገባሉ።

ጋሽ ቁልፉ፦ ታዲያ ለምን ተጠንቅቀሽ አትይዢውም?

እታለም፦ እኔማ ተጠንቅቄ ነው የያዝኩት። የማይጠነቀቀው እሱ ነው።

(ጠብ።)

ጋሽ ቁልፉ፦ የአንቺ ችግር ፕላስቲክ ምን እንደሆነ አለማወቅሽ ነው። እኔ ፕላስቲክ ፋብሪካ ያረጀሁ ሰው ነኝ።

እታለም፦ ባልዲ ይሠሩ ነበር?

ጋሽ ቁልፉ፦ በር ላይ ነበርኩ።

እታለም፦ በር ነው ሲሠሩ የነበሩት?

ጋሽ ቁልፉ፦ በር ነው ስጠብቅ የነበርኩት! ግን መሐንዲሶቹ ሲጋራ ሊያጨሱ የሚወጡት እኔ ጋ ነው። የሚያወሩት ስለ ፕላስቲክ ብቻ ነበር፤ ሌላ ወሬ አያውቁም፣ ምስኪኖች። ከነሱ የሰማሁትን ልንገርሽ። ፕላስቲክ ማለት በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነገሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ረጅም ሰንሰለት ሆነው፣ ሰንሰለቱ ደግሞ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ማለት ነው። አንዱ የሌላውን እጅ አይለቅም። ጥንካሬው ከዚያ ነው የመጣው።

እታለም፦ (ባልዲው ሥር ያለው ስንጥቅ ላይ ጣቷን አድርጋ) እዚህ ጋ ያሉት ተጣልተዋል።

ጋሽ ቁልፉ፦ አልተጣሉም!

እታለም፦ በማጣበቂያ ብናስታርቃቸውስ?

ጋሽ ቁልፉ፦ (ፈገግ ይላሉ። ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነው የኖሩት።) ይሄ ዓይነቱ ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይቀበልም። ገላው ቅባት እንደተቀባ ሰው ነው፤ የሚይዘው የለም። እስቲ ልጠይቅሽ፦ ማጣበቂያው ራሱ የሚሸጠው በምንድነው? በፕላስቲክ ቱቦ አይደለም? ለምን ከቱቦው ጋር ተጣብቆ አይቀርም?

እታለም፦ ይተዋወቃሉ?

ጋሽ ቁልፉ፦ ስለማይይዘው ነዋ!

እታለም፦ ማስቲካ ግን ይዞት ነበር። እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ።

ጋሽ ቁልፉ፦ ማስቲካ ለጠፍሽበት?

እታለም፦ ዝም ብዬ አይደለም፤ በደንብ አኝኬ ነው።

ጋሽ ቁልፉ፦ አይ አንቺ! ማስቲካም እኮ የፕላስቲክና የጎማ ዘመድ ነው።

እታለም፦ (ማኘኳን ታቆማለች) ባልዲ ነው ሳኝክ የኖርኩት?

ጋሽ ቁልፉ፦ ባልዲ እንኳን አይደለም። የባልዲ የአክስት ልጅ በይው።

እታለም፦ (ማስቲካውን አውጥታ ታየዋለች። መልሳ ትጎርሰዋለች።) አይመሳሰሉም።

ጋሽ ቁልፉ፦ ዘር ሁሉ ይመሳሰላል ያለሽ ማነው? ስስ ፌስታሉም፣ ወፍራም ባልዲውም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የውሃ ቧንቧው ሌላ ቤት ነው። የፍራሹ ስፖንጅ ሌላ። የዝናብ ልብሱ፣ ገመዱ፣ የጥርስ ብሩሹ ፀጉር፣ እሱ ደግሞ ናይለን የሚባለው ነው። ማን ከማን እንደሆነ የሚለይበት መንገድ አለው። ነይ፣ ላሳይሽ።

(ቢላቸውን አንስተው ከባልዲው ጠርዝ ትንሽ ይልጡና የመጠጥ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጥሉታል። ልጣጩ ይንሳፈፋል።)

ጋሽ ቁልፉ፦ አየሽው? ተንሳፈፈ። የፌስታል ወገን ነው ማለት ነው። የቧንቧ ወገን ቢሆን ኖሮ ይሰምጥ ነበር።

እታለም፦ ስለዚህ ባልዲዬ ዋና ይችላል።

ጋሽ ቁልፉ፦ በሚገባ!

እታለም፦ ጥሩ ነው። እኔ ግን ጋሼ፣ ባልዲው ውሃው ውስጥ እንዲቀመጥ አይደለም የፈለግኩት። ውሃው ባልዲው ውስጥ እንዲቀመጥ ነው።

(ጋሽ ቁልፉ ውሃውን ሊጠጡ ብርጭቆውን ያነሳሉ። ልጣጩን ያያሉ። መልሰው ያስቀምጡታል።)

ጋሽ ቁልፉ፦ እሺ፣ ልጠግንልሽ። ምክንያቱም ፕላስቲክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ቅቤ ነው፤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይረጋል፣ እንደገና ብታሞቂው እንደገና ይቀልጣል። ሁለተኛው እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነው፤ አንዴ ከጠጠረ ጠጠረ። የመጥበሻ እጀታ፣ የሶኬት ገላ፣ እነዚህን ብታነጂያቸው ይከስላሉ እንጂ አይቀልጡም። ለምነሽ አይሆን፣ አልቅሰሽ አይሆን።

እታለም፦ እንደ እርስዎ።

ጋሽ ቁልፉ፦ እንዴት?

እታለም፦ ባልዲ ይስጡኝ ስልዎት።

ጋሽ ቁልፉ፦ (እንዳልሰሙ ሆነው) ባልዲሽ የቅቤው ዓይነት ነው። ስንጥቁን በጋለ ቢላ አቀልጬ አንዱን ከንፈር ከሌላው አስማማዋለሁ። ሲበርድ አንድ ይሆናል። ያኔ አዲስ ባልዲ የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ።

(ቢላውን ጥግ ላይ ባለችው የሻይ ማፍያ ምድጃ ላይ ያግላሉ። ባልዲውን ደፍተው ስንጥቁ ላይ ያሳርፉታል። ጭስ። የሻማ ሽታ።)

ጋሽ ቁልፉ፦ ሸተተሽ? ሻማ ሻማ ነው የሚለው። የፌስታል ወገን ሲነድ ሽታው ይሄ ነው። ናይለን ቢሆን የተቃጠለ ፀጉር ይሸት ነበር። ቧንቧው ከሆነ ደግሞ ጉሮሮሽን ያንቅሻል፤ እሱን እንዳታነጂ። ሰው በአፍንጫው ብቻ...

እታለም፦ ጋሼ።

ጋሽ ቁልፉ፦ አታቋርጪኝ። በአፍንጫው ብቻ...

እታለም፦ ቢላው አልፏል።

(ቢላው በባልዲው ሥር ገብቶ በሌላ በኩል ብቅ ብሏል። ጋሽ ቁልፉ ቀስ ብለው ያወጡታል። ሁለቱም ቀዳዳውን ያያሉ።)

ጋሽ ቁልፉ፦ ቅድም ስንጥቅ ነበር።

እታለም፦ አሁን መስኮት ሆኗል።

ጋሽ ቁልፉ፦ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ዕቃው ደክሟል።

እታለም፦ ደክሟል ማለት አርጅቷል ማለት ነው?

ጋሽ ቁልፉ፦ አይደለም! ደክሟል ማለት... ደክሟል ማለት ነው። ሰው አይደክመውም? ይደክመዋል። ስለደከመው አርጅቷል ይባላል?

እታለም፦ አይባልም። እረፍት ይሰጠዋል እንጂ።

ጋሽ ቁልፉ ፊታቸውን አዞሩ። እታለምም ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። መስኮቱ ላይ አንድ የአበባ ማስቀመጫ አለ። ሥራ አስኪያጇ ዕረፍት ሲወጡ፣ «ጋሽ ቁልፉ፣ ፀሐይ ያለው እርስዎ ጋ ነው፤ ይቺን አበባዬን አደራ» ብለው ሰጥተዋቸው ነበር። ውስጡ ያለችው ተክል አሁን ቢጫ ሆናለች። አንገቷንም ደፍታለች።

እታለም፦ ጋሼ፣ የሥራ አስኪያጇ አበባ ምን ሆና ነው?

ጋሽ ቁልፉ፦ ምን ትሆናለች? ፕላስቲክ ናት።

እታለም፦ ናት?

ጋሽ ቁልፉ፦ በዚህ ሕንፃ ኮሪደር ላይ ያለው አበባ በሙሉ ከዚህ መደርደሪያ ነው የወጣው። እያንዳንዱን በእጄ ነው ያወጣሁት። አንድም የሚበቅል የለበትም። ማስቀመጫዋን እዪው፤ ያው የእኔ ነው። ሴትየዋ የገዛ ፕላስቲኬን በአደራ ሰጡኝ፤ አልሳቅኩም። ውሃ ያጠጧት አሉኝ፤ እሺ አልኩ። የትልቅ ሰው ፊት አይመለስም። ግን ሞኝ ነኝ ፕላስቲክ የማጠጣ?

እታለም፦ አንድም ቀን አላጠጧትም?

ጋሽ ቁልፉ፦ አቧራዋን ጠርጌያታለሁ፤ እሱም በዝቶባት ነው። በጨርቅ ባሸኋት ቁጥር ሌላ አቧራ ትስባለች። ይሄ ራሱ የፕላስቲክ ጠባይ ነው።

እታለም፦ ግን ቢጫ ሆናለች።

ጋሽ ቁልፉ፦ ፀሐይ ነው።

እታለም፦ ፀሐይ ፕላስቲክን ምን ያደርገዋል?

(ጋሽ ቁልፉ ደስ ይላቸዋል። እታለም ጥሩ ጥያቄ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበራቸውን ሳብ ያደርጋሉ።)

ጋሽ ቁልፉ፦ ያን ሰንሰለት ነግሬሽ የለ? ፀሐይ እሱን ትበጥሰዋለች። ቀስ እያለች፣ ድምፅ ሳታሰማ። መጀመሪያ ቀለሙ ይለቃል። ቀጥሎ ቢጫ ይላል። ከዚያ ይደርቅና ስትነኪው ቀጭ ይላል። ልብስ ማስጫው ላይ የምትተዪው መቆንጠጫ እጅሽ ላይ አይሰበርም?

እታለም፦ ይሰበራል።

ጋሽ ቁልፉ፦ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የሚውለው ነጩ ወንበር ዱቄት አይለቅም?

እታለም፦ ቀሚሴ ላይ ይለቃል።

ጋሽ ቁልፉ፦ በቃ! የፕላስቲክ እርጅና ማለት ይሄ ነው!

እታለም፦ የፕላስቲክ ምን?

ጋሽ ቁልፉ፦ እርጅ...

(ባልዲው እንኳን ጠብ አይልም፤ ውስጡ ውሃ አልቀረም።)

እታለም፦ የእኔ ባልዲ የሚውለው ሰገነት ላይ ነው። ጨርቆቹ የሚሰጡበት ጋ።

ጋሽ ቁልፉ፦ ባልዲ ሌላ ነው።

እታለም፦ ፀሐዩስ?

ጋሽ ቁልፉ፦ ባልዲ ወፍራም ነው። አበባ ስስ ናት። ለምን ትጨቃጨቂኛለሽ? አሁን በዓይንሽ አሳይሻለሁ!

(ከተክሏ አንድ ቅጠል ይቀነጥሳሉ። ቀጭ ትላለች።)

ጋሽ ቁልፉ፦ ሰማሽ? ቀጭ አለች!

(ብርጭቆው ውስጥ ይጥሏታል።)

ጋሽ ቁልፉ፦ ተንሳፈፈች!

እታለም፦ ቅጠልም ይንሳፈፋል ጋሼ።

ጋሽ ቁልፉ፦ እሺ፣ እሳት አይዋሽም። ሌላ ቅጠል ልለኩስ፦ ትቀልጣለች፣ ትንጠባጠባለች፣ ሻማ ሻማ ትሸታለች። ተመልከቺ።

(ክብሪት ይጭራሉ። ቅጠሏ አልቀለጠችም። አልተንጠባጠበችም። ትር ትር ብላ ነደደችና አመድ ሆነች። ክፍሉን የደረቀ ሣር ጭስ ሞላው።)

ጋሽ ቁልፉ ክው አሉ። አመዷን በጣታቸው ነኳት። እጃቸውን ማስቀመጫው ውስጥ ሰደዱ፤ አፈር ነው፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ። ፋብሪካው በር ላይ ቆመው የሰሙት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጭንቅላታቸው ወጥቶ ሄደና አንድ ቃል ብቻ ቀረላቸው፦ አደራ።

እታለም፦ ምን ሸተተዎት?

ጋሽ ቁልፉ፦ ሻማ።

እታለም፦ እኔን ቅጠል ሸተተኝ።

ጋሽ ቁልፉ፦ ማስቲካሽ ነው!

እታለም፦ ይሆናል። ጋሼ፣ እኔ መቼም ነገር ቶሎ አይገባኝም። ቀስ ብዬ ልበለውና የተሳሳትኩ እንደሆነ ያርሙኝ። ፕላስቲክ የሚያረጅ ከሆነ፣ አበባዋ ፕላስቲክ ናት፤ ፀሐይ ነው ያስረጃት፤ እርስዎ ምንም አላጠፉም።

ጋሽ ቁልፉ፦ ትክክል! አሁን ገባሽ!

እታለም፦ ግን ያን ጊዜ ባልዲዬም አርጅቷል።

ጋሽ ቁልፉ፦ (አመዱን ከጣታቸው ይጠርጋሉ።)

እታለም፦ ፕላስቲክ የማያረጅ ከሆነ ደግሞ ባልዲዬ ደህና ነው፤ ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ጨርቄን ይዤ እሄዳለሁ። ግን ያን ጊዜ አበባዋ ፕላስቲክ አይደለችም፤ እርስዎ በውሃ ጥም ገድለዋታል። የቱን ልያዝ?

(ውጭ መኪና ሲቆም ይሰማል። ዘበኛው «እንኳን ደህና መጡ!» ይላል። ጋሽ ቁልፉ ወደ ባልዲዎቹ ቁልል ይዞራሉ።)

ጋሽ ቁልፉ፦ ምን ዓይነት ቀለም ነው የምትፈልጊው?

እታለም፦ ሰማያዊ።

(ጋሽ ቁልፉ ወንበር ላይ ወጥተው ከቁልሉ አናት አንድ ባልዲ ያወርዳሉ። ሲሰጧት እጃቸው ትንሽ አልለቅ ይላል።)

እታለም፦ ጓንትም።

ጋሽ ቁልፉ፦ ደግሞ ጓንት ለምን?

እታለም፦ ጓንቴ ጎማ ነው። ጎማ ያረጃል ወይስ አያረጅም?

ጋሽ ቁልፉ፦ ውሰጂ! ውሰጂ! (ጓንቱን እየሰጧት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) እታለም፣ እህቴ፣ ሴትየዋ ሲጠይቁ፣ አንቺም እዚህ ነበርሽና፣ «ፕላስቲክ ናት፣ ፀሐይ ነው» በይልኝ።

እታለም፦ እሱን እንኳን አልችልም ጋሼ።

ጋሽ ቁልፉ፦ ባልዲውን ሰጠሁሽ አይደል!

እታለም፦ ውሸት መናገር ከብዶኝ አይደለም። የሳቸው አበባ ፎቅ ላይ ናት እኮ።

ጋሽ ቁልፉ፦ የቷ አበባ?

እታለም፦ የሳቸው። እርስዎ በተቀበሏት ማግስት «ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም» አሉኝ። እኔ ደግሞ አይገባኝም፤ ምናልባት ብትጠጣስ ብዬ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ወሰድኳት። ትጠጣለች። አድጋለች።

ጋሽ ቁልፉ፦ ታዲያ... ይቺ ማን ናት?

እታለም፦ ቦታው ባዶ ሆኖ እንዳይደነግጡ ብዬ ከአጥሩ ቅርንጫፍ ቆርጬ አፈር በሞላሁት ተመሳሳይ ማስቀመጫ ላይ ሰካሁ። ሥር የላትም።

ጋሽ ቁልፉ፦ በየቀኑ እኮ ነው የማያት!

እታለም፦ ይቺ እንኳን ሁለተኛዋ ቅርንጫፍ ናት። የመጀመሪያዋ ቀይ አበባ ነበራት።

(ጋሽ ቁልፉ አዲሱን ባልዲ መልሰው ለመውሰድ እጃቸውን ሲዘረጉ እታለም ደረጃውን ወጥታ ሄዳለች። ከላይ የውሃ ድምፅ፣ የመወልወያ ድምፅ፣ ቀጥሎም የተረከዝ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ሳይንሸራተት። ትንሽ ቆይቶ ሥራ አስኪያጇ በሩ ላይ ይቆማሉ። ክንዳቸው ላይ ለምለም አበባ ታቅፈዋል። እታለም ከኋላቸው ናት።)

ሥራ አስኪያጇ፦ ጋሽ ቁልፉ! እታለም ሁሉንም ነገረችኝ።

ጋሽ ቁልፉ፦ (በደከመ ድምፅ) ሁሉንም?

ሥራ አስኪያጇ፦ ፀሐይ በዛባት ብለው ወደ ላይ እንድትወጣ ያደረጉት እርስዎ ነዎት አለችኝ። እንዲህ ያለ እጅ እንዳለዎት አላውቅም ነበር! ደረጃውም ደርቆ አገኘሁት። አሁንስ ወሰንኩ፤ በየኮሪደሩ የተገተረውን የፕላስቲክ አበባ በሙሉ አውጥተን በቦታው እውነተኛ እንተክላለን። ጠዋት ጠዋት የሚያጠጡት እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ቁልፉ፦ እኔ? በሁሉም ፎቅ?

ሥራ አስኪያጇ፦ ሌላ ማንን አምናለሁ?

(ይሄዳሉ።)

እታለም፦ በምን ሊያጠጡ ነው ጋሼ?

(ጋሽ ቁልፉ ዞረው ቁልሉን ያያሉ። ከጣሪያው ጋር ይሳሳም የነበረው ቁልል በአንድ ባልዲ ዝቅ ብሏል፤ ክፍተቱ እንደ ወለቀ ጥርስ ያፈጥጥባቸዋል። እጃቸውን ያነሳሉ። ሁለተኛ ጥርስ ለመንቀል ግን እጃቸው አልታዘዝ ይላል። መልሰው ያወርዱታል።

እታለም ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን ባልዲ ከወለሉ ላይ ታነሳለች። በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገዋለች። በሁለት እጇ ትሰጣቸዋለች።)

እታለም፦ ይሄን ይያዙ። ፕላስቲክ አያረጅም።